ፔዳሉን ልርገጠው ማለት ስድብ ሆነ እንዴ?

ጣሪያዋ የሚከፈት አሮጌ ቮልስ ፍለጋ አዲስ አበባን ስዞር ከርሜ አንድ ነገር አንገሸገሸኝ። ሻጭ ስለ ጣሪያዋ ሸራ ሲያወራ ውሎ ቢያድር አይደክመውም፤ ስለ ፍሬን ሸራዋ ሲጠየቅ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ቀለሟ የፋብሪካ ነው፣ መቀመጫዋ ቆዳ ነው፣ ሊብሬዋ ንጹሕ ነው። እሺ፣ ፍሬኗስ? «እሱ ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ጋራዥ ብታስገባት ያልቃል።» ቀላል ከሆነ አንተስ ለምን አላሠራኸውም ጌታው?

አንዱ ደላላ ቁልፉን ሳይሰጠኝ ራሱ ቀድሞ ገባና፣ እያሳቀኝ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይረግጥ ጀመር። እኔ ስቀመጥ ፔዳሉ ደንድኖ ጠበቀኝ። ወሬ እያስረዘምኩ ጥቂት ቆይቼ ብረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደ። ወይ የፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ይዟል፣ ወይ ሸራውና ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር፣ ሸራው ተጭኖ የሚያቆመው ብረት፣ ተራርቀዋል። «ደጋግመህ ርገጠው እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ። ሕፃን ልጅ ድንገት አስፋልት ላይ ቢገባብኝ «ቆይ፣ ልደጋግመው» ልበለው?

በፈረንጆቹ 1967 አካባቢ ባለ ሁለት መስመር ፍሬን መምጣት ከመጀመሩ በፊት የተሠሩ ቮልሶች አራቱም ጎማዎቻቸው የሚታዘዙት በአንድ መስመር ነው። አንድ ቱቦ ከተበሳ የሚቀርህ የእጅ ፍሬንና ጸሎት ነው። ይህን እያወቅሁ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከትርፍ ጎማው ኋላ ያለችውን የፍሬን ዘይት ዕቃ ክፈቱልኝ ስል እንደ ነገረኛ እታያለሁ። ስትከፈት ቡና የመሰለ ጥቁር ነገር! የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ታምቡሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ፍሬን በጥሳ» ተብሎ ይወራል።

ሌላዋን ስነዳት ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል። ባለቤቱ «መንገዱ ዘንበል ስላለ ነው» አለኝ። ዞረን በዚያው መንገድ ስንመለስም ወደ ግራ! ወርጄ ጎንበስ ብዬ ባይ፣ በአንደኛው የኋላ ጎማ ውስጠኛ ጎን ላይ እርጥብ መስመር ወርዷል። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት፤ የፍሬን ዘይት ነው። «ትናንት ታጥባ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ክሪክ አምጡና ጎማው ይፈታ ስል ደግሞ «ሰው አታምንም እንዴ?» መጣ። ሰውማ አምናለሁ፤ የማላምነው ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋውን፣ ለዓመታት ግቢ ውስጥ ቆሞ የዛገ የጎማ ሲሊንደር ነው።

ዋጋ ቀንስ ሲባሉ ደግሞ መልሳቸው «ይህቺ እኮ ክላሲክ ናት!» ነው። አውቃለሁ! ጀርመን አገር ካርማን የሚባል ፋብሪካ በፈረንጆቹ ከ1949 እስከ 1980 ሠርቶ ያበቃላት፣ ብርቅ መኪና ናት። ብርቅ ስለሆነች እኮ ነው ግንብ እንዲያቆማት የማልፈልገው።

አሁን ሻጭ ጋር ስደውል ዋጋም ቀለምም አልጠይቅም። «ክሪክ አለ? ጎማ አስፈትቼ አያለሁ» እላለሁ። ስልኩን የሚዘጋ ይዝጋው።