ከበጉ በፊት ዳታቤዙ

ተጠቃሚውን ሳይጠይቁ ዳታቤዝ፣ ማለትም መዝገብን በኮምፒውተር የሚይዝ ፕሮግራም፣ መምረጥ ልብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዚህ ረገድ የሰሜን ሸዋ የኮምፒውተር ባለሙያዎቻችንን ያላመሰገነ ንፉግ ነው።

አንድ የመንዝ በግ አርቢዎች ማኅበር መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ላዛውር አለ እንበል። ተራ ሰው ቢሆን መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ሄዶ መዝገብ ያዡን «ጋሼ፣ ምን ምን ይጽፋሉ?» ይል ነበር። እሳቸውም የግልገሏን እናትና አባት፣ የተወለደችበትን ቀን፣ በስድስት ወሯ የመዘነችውን ኪሎ ይነግሩታል። የእኛዎቹ እንዲህ ላለ ዝቅታ አልተፈጠሩም። ደብረ ብርሃን ካፌ ውስጥ ጋቢያቸውን ደርበው «ተጠቃሚው አሥር ሚሊዮን ቢደርስስ?» ብለው ይጀምራሉ። በጎቹ ራሳቸው ስልክ ቢይዙ እንኳ ያን ያህል አይሞሉም፤ አርቆ ማሰብ ግን ይኸው ነው።

ስለዚህ አንዱ ካሳንድራ ይሁን ይላል። ፌስቡክ በመልእክት ሳጥኖቹ ውስጥ ለመፈለጊያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም የለቀቀው፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራ ዳታቤዝ ነው። ማኅበሩ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው፤ በእሱም የሊቀ መንበሩ ልጅ ፊልም ያይበታል። ሌላው ሠንጠረዥ አስቀድሞ መንደፍ አያስገድድም ብሎ ሞንጎዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ ያወድሳል። ግልገሏ እናት አላት፣ እናቲቱም በዚያው መዝገብ ውስጥ እናት አላት፤ እንዲህ ያለውን ዝምድና በሠንጠረዥ የማያያዝ ሐሳብ የኮምፒውተር ሊቁ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳትሞታል። ታዲያ ፖስትግሬስ የሚባል፣ ይህንኑ ያለ ክፍያ የሚሠራ ያረጀ ነገር ማን ይነካል? ዝምድናውን በእጅ መቁጠር እያለ!

ከሁሉ የማደንቀው ግን ኤስኪውላይት የተባለውን ትንሽ ዳታቤዝ የጣሉበትን ግርማ ነው። «የልጆች መጫወቻ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 የነደፈው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚሳኤል መርከብ ፕሮግራም ሲሠራ ነበር፤ የዳታቤዝ ሰርቨሩ (ዳታቤዙን ለሌሎች የሚያቀርበው፣ ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም) ቢጠፋም የመርከቡ ፕሮግራም እንዳይቆም። ሰርቨር አይፈልግም፣ ዳታው በሙሉ አንድ ፋይል ነው፣ እስከ 281 ቴራባይት ድረስ ይይዛል፣ በየኪሳችን ባለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥም አለ። እንዲህ ያለው ለጦር መርከብ ይበቃ ይሆናል እንጂ፣ መብራትና ኔትወርክ ተቋርጦ በማያውቅበት በመንዝ ደጋ ምን ይሠራል?

በመጨረሻ ዳታው ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ ይውጣ ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ። ኪራዩ በዶላር መሆኑም በረከት ነው፤ አርቢው ከበግ ዋጋ ሌላ የምንዛሪ ዋጋም እየተከታተለ ይሠለጥናል።

የመተግበሪያው ማዕቀፍ (ፕሮግራሙ የሚገነባበት ዝግጁ አጽም) ደግሞ ከሁሉ አዲሱ ሆኖ ተመርጧል፤ አንድ ገጽ ሳያልቅ ከእሱ የባሰ አዲስ ስለሚወጣ ሥራው ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀመራል። የዘንድሮዎቹ ግልገሎች ሳይመዘገቡ ለፋሲካ ገበያ ቢወጡ ቅር አይበላችሁ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ይደርሳል።