ገንዘቡ ከመጀመሪያዋ ምሽት ጀምሮ ነበር

«ራፕ ድሮ ከልብ ነበር፤ ገንዘብ የገባበት በኋላ ነው» ላልከው ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ላርምህ። ገንዘቡ ከመጀመሪያዋ ምሽት ጀምሮ በሩ ላይ ነበር።

ራፕ የወጣበት የሂፕ ሆፕ ባህል ተወለደ የሚባለው በፈረንጆቹ ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በተደረገ ጭፈራ ነው። ያዘጋጀችው የዚያን ምሽት ሙዚቃ ያጫወተው የዲጄ ኩል ሄርክ እህት ሲንዲ ካምቤል ናት። ለምን? ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለነበር የልብስ መግዣ ፈልጋ። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሙዚቃው በዚህ ረከሰ? በፍጹም!

ገንዘብ መኖሩ ልብን አያጠፋም፤ የራፕ ቡድኑ ራን ዲኤምሲም አዲዳስ ጫማ ያለ ማሰሪያ ያደርጉ የነበረው ማንም ሳይከፍላቸው ነው። ከአዲዳስ ጋር ውሉ የመጣው በ1986 ስለ ጫማው ከዘፈኑ በኋላ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ራፕን ለዓለም ያስተዋወቀውን የ1979ኙን «ራፐርስ ዲላይት» ስማው። በዘፈኑ ውስጥ ራፐሩ ቢግ ባንክ ሃንክ የሚያቀርበው ግጥም የሌላ ራፐር፣ የግራንድማስተር ካዝ ነው። ሃንክ ካዝ ያኔ ይጠራበት የነበረውን የመድረክ ስም እንኳ አልቀየረም፤ «ካሳኖቫ»ን ፊደል በፊደል እየቆጠረ የራሱ አስመስሎ አለው። ሸክላው ሲወጣ የካዝ ስም ከደራሲዎቹ መካከል አልነበረም።