ሃሌሉያ ያለ ልምምድ

የሙዚቃ ደራሲው ሄንደል «መሲሕ» የተሰኘውን የኳየር ሥራ ጽፎ የጨረሰው በ24 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1741 ጀመረ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን ብዕሩን አስቀመጠ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስድ ሥራ በሦስት ሳምንት ተኩል! ይህን የሰማ ሁሉ አጃኢብ ይላል። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ በእንግሊዝና በአሜሪካ አዳራሾች ተሰብስቦ ይህንኑ ሥራ በጋራ የሚዘምረው ሕዝብ ግን ምን ያስደንቀዋል? ሰውየው በ24 ቀን የጻፈውን እሱ በዜሮ ቀን አጥንቶ ይመጣል።

ልማዱ ሲጀመር እንዲህ አልረቀቀም ነበር። በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል በ1974፣ በቺካጎ ደግሞ በ1976 ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በሰፈሩ ኳየር ሥራውን ሲዘምር የኖረ አማተር የራሱን ኖታ ይዞ ይመጣል፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጎን ቆሞ ያለ የጋራ ልምምድ ይዘምራል። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ሲባዛ የታየው ሁሉ መሻሻል ነው። «የጋራ ልምምድ የለም» ከምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ «የጋራ» የምትባለዋ ትርፍ ቃል ስትሸረፍ ቆይታ ረገፈች፤ የቀረው «ልምምድ የለም» ነው። አጭርና ግልጽ።

በር ላይ ከቀጭኑ የሴት ድምፅ እስከ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ አራት ወረቀት ይለጠፋል፤ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖር፣ ባስ። መቶ ሰው ቢመጣ ሃምሳው ሶፕራኖ፣ ሠላሳው አልቶ፣ አሥራ ስድስቱ ባስ ቢሆን ነው። ቴኖሮቹ አራት ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ሚስቱን ሊያደርስ መጥቶ ብርዱን ፈርቶ የገባ ነው። ከባሶቹ መሐል ደግሞ የማይቀር አንድ ሰው አለ፤ የሶፕራኖውን ዜማ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች አውርዶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስነካዋል። ዜማ ብሎ የሚያውቀው እሱን ነው፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነም ራሱን ባስ አድርጎ ሾሟል። ግራና ቀኙ ያሉት ትክክለኛ ባሶች መጀመሪያ በጎን ያዩታል፣ ቀጥሎ ራሳቸውን ይጠራጠራሉ፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ይከተሉታል። እንዲህ ያለ መሪ በምርጫ አይገኝም።

የኖታው መጽሐፍ ጉዳይ የሚገርም ነው። አንዱ የአያቱን ኖቬሎ፣ ሌላዋ ሽርመር፣ ሦስተኛው አዲስ ቤረንራይተር ይዟል፤ ሦስቱም የአሳታሚ ስሞች ናቸው። «ሃሌሉያ» የተባለው መዝሙር በአሮጌዎቹ ቁጥር 44፣ በቤረንራይተር 39 ነው፤ የገጹ ቁጥር እንደማይገጥም አይጠየቅም። መሪው «ቁጥር 44» ሲል ሦስተኛው ሰውዬ ሌላ መዝሙር ገልጦ በሙሉ እምነት ይጠብቃል። በ1742 ደብሊን ላይ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ቦታ እንዳይጣበብ ሴቶች በቀለበት የተወጠረ ቀሚስ፣ ወንዶችም ሰይፍ ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር። ዛሬ ሰይፍ የለም፤ ስልክ አለ። ኖታውን ከስልኩ የሚያነበው ወጣት ሁለቱ እጆቹ ተይዘው ሳሉ፣ ድምፆቹ አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ በሚዘምሩበት ፉጋ መሐል ላይ ስክሪኑ ድርግም ይልበታል።

ደግነቱ ሄንደል ራሱ ይህን ሕዝብ ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። «ሕፃን ተወልዶልናልና» የሚለውን መዝሙር ዜማ የወሰደው በዚያው በ1741 ለሁለት ሶፕራኖዎች ከጻፈው የጣልያንኛ የፍቅር ዱየት ነው፤ የዱየቱ ግጥም ሲጀምር «አይ፣ እናንተንስ አላምናችሁም» ይላል። ለሁለት ቀልጣፋ ጉሮሮ የተሰፋውን ልብስ ነው እንግዲህ መቶ ሰው የሚለብሰው። በአንድ ምት አራት አራት ኖታ ያለበት ረጅም ሐረግ ሲመጣ የተለማመደ ኳየር እያንዳንዷን ኖታ ከምቷ ጋር ነጥሎ ያወጣታል። የእኛዎቹ ጥበብ ይበልጣል፦ የመጀመሪያዋን ኖታ ይይዛሉ፣ መሐሉን «ሃሃሃሃ» እያሉ ይስቁበታል፣ ከመጨረሻዋ ጋር በሰላም ይገናኛሉ።

የኋላ ወንበሮችንም ማመስገን ይገባል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከኦርጋኑ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ በፊት የሆነውን ነው። በዚያ ፈጣን ሐረግ ውስጥ ይህ የአንዲት ኖታ ግማሽ ነው። እሱ የሰማውን ተከትሎ ሲዘምር ድምፁ ወደ ፊት ለመመለስ ሌላ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል፤ ድምር፣ አንድ ሙሉ ኖታ። መድኃኒቱ ጆሮን ትቶ የመሪውን እጅ ማየት ነው። ግን ፊቱን መጽሐፉ ውስጥ የቀበረ ሰው የማንን እጅ ይይ? መሪው በትሩን ትቶ በሁለት ክንዱ መቅዘፍ ሲጀምር፣ ከፊት ያሉት «ስሜቱ እንዴት ነው!» ይላሉ።

ከዱየቱ የተወሰደ ሌላ መዝሙር አለ፤ ይህ ሕዝብ ወደር የማይገኝለት እዚህ ላይ ነው። «እኛ ሁላችን እንደ በጎች» ሲባል አራቱም ድምፆች አንድ ላይ ናቸው። «ተቅበዝብዘን ጠፋን» ላይ ሲደርሱ ሄንደል ሆን ብሎ በየአቅጣጫው ይበትናቸዋል፤ በባለሙያ ሲዘመር መጥፋቱ ይተወናል። እዚህ ግን ማንም አይተውንም። አልቶ ሁለት ምት ቀድማ ትሄዳለች፣ ባስ ያለፈውን ገጽ ይደግማል፣ አራቱ ቴኖሮች ወደ ሁለት ይወርዳሉ። «እያንዳንዱ ወደ ገዛ መንገዱ አዘነበለ» ሲባል ቃሉ ሥጋ ለብሶ ይታያል። መጨረሻው ግን እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ ሁሉም እየተንጠባጠበ ይደርሳል። የጽሑፉ ማሰሪያ የሁላችን በደል በአንዱ ላይ ስለ መኖሩ ነው፤ ያን ሰዓት የመሪውን ፊት ያየ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሃሌሉያው ሲጀምር ሁሉም ብድግ ይላል፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ነበር ይባላልና። ንጉሡ መገኘታቸውን የሚናገር የዚያ ዘመን ማስረጃ አለመኖሩ ማንንም አላስቀመጠም። ማብቂያው ላይ አራት ሃሌሉያ በተከታታይ ይባልና ድንገት ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያ አምስተኛው ዝግ ብሎ ይዘጋዋል። አራት ድረስ መቁጠር ነው እንግዲህ። ያችን ጸጥታ «ሃ!» ብሎ ብቻውን የሚሞላ ጀግና ጠፍቶ አያውቅም፤ ስህተቱን በሳል የሚሸፍነው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ገሚሱ ኮቱን ለብሶ ከሄደ በኋላ ሦስተኛው ክፍል ይቀጥላል። «ሞት በሰው በኩል ስለ መጣ» የሚለውን ኳየሩ ኦርጋንም ቫዮሊንም ሳይረዳው፣ በጣም ዝግ ብሎ ብቻውን ይዘምራል። ደጋፊ ሲያጣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ቃናው ኖታ በኖታ ይሰምጣል፤ ሞት በእርግጥ በሰው በኩል ይመጣል። ከዚያ ትንሣኤው ሲበሠር ኦርጋኑ በትክክለኛው ቃና ይገባል፤ ከሕዝቡ ግማሽ ቃና ያህል ከፍ ብሎ። አንድ መቶ አንገት ወደ ኦርጋኑ ይዞራል። ኋላም ሻይና ኬክ እየተበላ በየጥጉ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፦ «ዝማሬው ግሩም ነበር፤ ኦርጋኑን ግን የሚቃኝ ሰው ቢጠሩ ጥሩ ነው።»