እርማት፦ ሕግ ተማሪ ሁሉንም አንቀጽ አይሸመድድም

«ሕግ ተማሪ አንቀጹን ሁሉ በቃሉ ነው የሚይዘው» ላልከው ወንድሜ፣ ኧረ ተው! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 አንቀጽ አለው። እሱን ሸምድጄ ቢሆን አሁን ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አልጠጣም፣ ጠበል ነበር የምወሰደው።

የምንማረው አንቀጹን ፈልጎ ማግኘትና ከሌላው ጋር ማገናኘት ነው። ቁጥር 1719ን እይ፦ ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ ውል በቃልም ይጸናል። ደስ ብሎህ 600 ብር በቃል ታበድራለህ። ከዚያ 2472 ይመጣና፣ ብድሩ ከ500 ብር ካለፈ በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚደረግ እምነት («አዎ፣ ተበድሬያለሁ» ብሎ ማመን) ወይም መሐላ ካልሆነ ማስረዳት አትችልም ይልሃል። የዶርም ጓደኛዬ ይህችን ያነበባት ካበደረኝ በኋላ ነው (እከፍለዋለሁ፣ አታካብዱ)። በቃሌ የማውቃቸው እነዚህን ሁለቱን ነው፣ እነሱንም ስለተጣላንባቸው።