ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ሳለ፣ እዚህ ጎጃም ውስጥ እኔ የምማርበት ኮሌጅ ከአዋጁ በኋላ ያስገነባው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አሳንሰርም ሆነ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ የለውም። ክፍላችን ወደ ምድር እንዲወርድልን ስናመለክት የሚሰጠን መልስ «ጓደኞችህ ተሸክመው ያወጡሃል» የሚል ነው። በእርግጥ ያወጡኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው በየቀኑ እንደ ጆንያ በትከሻ ተይዞ ወደ ክፍል መግባቱ ክብርን የሚነካ መሆኑ እንዴት አይታያቸውም? ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳልጠጣ የምውለው የመጸዳጃ ቤቱ በር ወንበሬን ስለማያሳልፍ ነው። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ከማደሪያ ወደ መመገቢያ አዳራሽ የሚወስደው መንገድ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ጎማዬን ይይዘዋል።

ዓይነ ስውራን ጓደኞቼ ሌላ መከራ አለባቸው፤ ፈተና የሚያነብላቸው ሰው ዘግይቶ ይመጣል፣ የባከነው ሰዓት ግን አይካካስላቸውም። ለአጥር ቀለም በጀት እየተገኘ ለአንድ የሲሚንቶ መወጣጫ «በጀት የለም» መባሉን አልቀበልም፤ ቢያንስ የሚቀጥለው ሴሚስተር የክፍል ድልድል ከመውጣቱ በፊት የእኛ ክፍል ምድር ላይ ይደረግልን።