ለአንድ ሌሊት የሚከራይ ጎጆ

ከሲያትል በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ሲሉ ካናስካት-ፓልመር የሚባል የዋሽንግተን ግዛት ፓርክ አለ። ትንሽ ነው። ግሪን ሪቨር የሚባል ወንዝ ጥጉን ይዞ ይወርዳል፤ የቀረው ጫካ ነው። እዚያ ለቤተሰብ የሚከራዩ ጥቂት የርቶች አሉ። የርት የመካከለኛው እስያ አርብቶ አደሮች እየነቀሉ የሚተክሉት ክብ ቤት ነው። ጎረቤት ግዛታችን ኦሪገን በፓርኮቿ መትከል የጀመረችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ዝናብ ሲመጣ ድንኳን የሚተክል ሰው ስለሚጠፋ ጥሩ መላ ሆነላት።

ከልጆቹና ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ከመጣችው እናቴ ጋር አደርንበት። እናቴ እንደገባች ቀና ብላ አየችና «ምሰሶው የታለ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ምሰሶ የለውም። ግድግዳው የተጠላለፈ ቀጭን እንጨት ነው፤ ከውጭ ሸራ ለብሷል። ወራጆቹ ከዙሪያው ተነስተው አናቱ ላይ ካለው ቀለበት ይገጥማሉ። ቀለበቱ ላይ ብርሃን የሚያስገባ ክዳን ተደፍቶበታል። ተደራራቢ አልጋ፣ መብራት፣ ማሞቂያና ቁልፍ ያለው በር አለው። አንሶላና ብርድ ልብስ ከቤት ነው። ውስጥ ማብሰል ክልክል ስለሆነ ቡናው ደጅ፣ እሳቱ ዳር ተቆላ። እንጨቱንም እዚያው አካባቢ ገዛን፤ ከሩቅ የመጣ እንጨት ዛፍ የሚያጠፋ ነፍሳት ይዞ ይገባል ብለው ይሰጋሉ።

ያስቀናኝ ግን የጋራ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ንጹህ ነው፣ ውሃ አለው፣ ሌሊትም መብራቱ አይጠፋም። እናቴ በእኩለ ሌሊት ልጅቷን ይዛ ሄዳ ተመለሰች፤ ማንንም አልቀሰቀሰችም። አያትና ሕፃን ጫካ እንዲያድሩ የሚያደርገው ይኼ ነው። የወንዙ ውበትማ እኛም አገር ሞልቷል።

የመናገሻ ሱባን ጫካ አስቡት። ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላው አለ። አብዛኛው ጎብኚ ግን ምሳውን በልቶ ሳይመሽ ይመለሳል። ማደር ሲባል የሚታሰበን ሎጅ ነው። ሎጆቹ ያምራሉ፣ ወንጪም ላይ ጥሩ ተሠርቷል። ዋጋው ግን ለመምህርና ለነርስ አይቀመስም።

ደግሞ ደጅ ማደር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በከተራ ጃንሜዳ ድንኳን ጥሎ የሚያድረው፣ ቁልቢ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚሰነብተው ከነልጆቹ ነው። ክብ ቤት ማቆምም ቢሆን ከገበሬያችን በላይ የሚያውቅበት የለም። የመናገሻ ወጣቶች ቢሠሩት፣ ኪራዩን ቢያስተዳድሩት፣ እንጨትና ቡና ቢሸጡ ከጫካው ሳይቆርጡ እንጀራ ይበሉበታል።

ጸጥታው ሲፈቅድ መንግሥትም ሆነ አንድ ባለሀብት መናገሻ ላይ ጥቂት ጎጆ ይሞክር። ቁልፍ ያለው በር፣ አልጋ፣ ዘበኛና አንድ የመምህር ቤተሰብ ሳይጨነቅ የሚከፍለው ዋጋ ይኑረው። ሥራው ሲጀመር ግን ከጎጆው በፊት ውሃውና መጸዳጃ ቤቱ ይቅደም።