ከፊርማው በኋላ ያለው ወረፋ

እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቡና በምጠጣበት ቤት ደጃፍ መኪና የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አሉ። ሰሞኑን እንግዶች ወደ አፍሪካ አዳራሽ እስኪያልፉ መንገድ ተዘግቶ አብረን ቆምን።

«ደሞ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ሰላም መሰለኝ ጋሼ።»

ሳቁ። በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ሠራዊት ናቸው። «ጠመንጃዬን ያስረከብኩት በአንድ ጠዋት ነው ልጄ፤ ሥራ ያገኘሁት በስድስተኛው ዓመት» አሉኝ። ያኔ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወታደር ተሰናብቷል። ካፖርቱን ሳያወልቅ ደጀ ሰላም የቆመውን ተመጽዋች አዲስ አበባ አልረሳችውም።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ወደዚሁ ይመራል፦ ሰላም የሚጸናው ከፊርማው በኋላ ታጣቂው በወጉ ሲሰናበት ነው። አንጎላ እ.ኤ.አ. በ1991 ፖርቱጋል ውስጥ ቢሴስ ላይ የመንግሥቷና የአማፂው ዩኒታ ሰላም ተፈራርማ በ1992 ምርጫ ስታካሂድ ሁለቱም ወገኖች ጦራቸውን በወጉ አልበተኑም ነበር። የዩኒታው መሪ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም ሲሉ የሚያዙት ጦር ነበራቸው፤ ጦርነቱ እስከ 2002 ዘለቀ። ይህን ያየው ተመድ ሞዛምቢክ ላይ አልቸኮለም፤ ምርጫው ታጣቂው እስኪሰናበት ወደ ጥቅምት 1994 ተገፋ። ለተሰናባቹም የሁለት ዓመት ያህል ክፍያ ተቆረጠለት። (እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያም ተኩስ ተመልሷል፤ ፍጹም ነው አላልኩም።)

ከሁሉም የሚገርመኝ የላይቤሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ ወጣ ብሎ የትጥቅ ማስረከቢያ ካምፕ ተከፈተ። ከታሰበው በላይ ታጣቂ ጎረፈ፤ ካምፑ ሊችለው አልቻለም። ገንዘባችን አሁኑኑ ይሰጠን ብለው ተኩሱን ከተማ አስገቡት፤ ሰው ሞተ። ሥራው ቆሞ የቀጠለው ሚያዝያ 2004 ነው። የተፈረመው ሰነድ ያው ነበር። የከሸፈው ወረፋው ነው።

የእኛው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ቀላል መሣሪያን ጨምሮ ትጥቅ መፍታቱ በ30 ቀን እንዲያልቅ ይል ነበር። በትግራይ ሰፊው የተሐድሶ ሥራ፣ ማለትም ታጣቂውን አሰናብቶ ወደ ሰላማዊ ኑሮ መመለሱ፣ የተጀመረው ግን ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በአገር ደረጃ የያዘው የቀድሞ ታጣቂዎች ቁጥር ከ370 ሺህ ይበልጣል። በ30 ቀን? ይህን የጻፈ ሰው ወረፋ ቆሞ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ ብሆን ለታጣቂው ቀን ከመቁረጤ በፊት ገንዘቡን እጠይቅ ነበር። ማን ይከፍላል? ለስንት ወር? ተሰናባቹ ከቤቱ ስንት ሰዓት ተጉዞ ይቀበላል? ለጋሾች ካቅማሙም የመጀመሪያው ስድስት ወር ከመንግሥት በጀት ይያዝ፤ ይኸውም እንደ ርዳታ ሳይሆን እንደ አንድ የተኩስ አቁሙ አንቀጽ፣ ከፊርማው በፊት።